የዋይ-ፋይ ተገናኞችን ብዛት በኤስኤንኤምፒ መከታተል፦ ቁጥሩ የምን ቁጥር ነው?

«በዚህ ሰዓት በዚህ አክሰስ ፖይንት ላይ ስንት መሣሪያ ተገናኝቷል?» ገመድ አልባ ኔትወርክ የሚያስተዳድር ሰው ከሚቀርቡለት ጥያቄዎች ሁሉ ቀላሉ ይህ ይመስላል። አክሰስ ፖይንት ስልኮችና ላፕቶፖች ወደ ዋይ-ፋይ የሚገቡበት ማሰራጫ መሣሪያ ነው። ቁጥሩን ማግኘትም በእርግጥ ከባድ አይደለም፤ አክሰስ ፖይንቱ ኤስኤንኤምፒ የተባለውን፣ የኔትወርክ መሣሪያዎችን ሁኔታ ከርቀት ለመጠየቅ የሚያገለግለውን ፕሮቶኮል የሚያውቅ ከሆነ አንድ ጥያቄ ተልኮ አንድ ቁጥር ይመለሳል። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የተመለሰው 37 የሰዎች ቁጥር ነው ወይስ የስልኮች? አሁን የሚሠሩት ናቸው ወይስ ከአራት ደቂቃ በፊት ወጥተው ከመዝገብ ያልተሰረዙትም ተጨምረዋል? የአክሰስ ፖይንቱ የአንድ ሬዲዮ (የሞገድ ማሰራጫና መቀበያ ክፍል) ነው ወይስ የሁለቱም? ግራፍ መሥራት የአንድ ከሰዓት ሥራ ሲሆን፣ ግራፉ ምን እንደሚል ማወቅ ግን ከዚያ እጅግ የረዘመ ጊዜ ይወስዳል።

በቅድሚያ ስለ ፕሮቶኮሉ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ኤስኤንኤምፒ የመጀመሪያ ቅርጹን ያገኘው በ1988 ሲሆን፣ የመጀመሪያው የዋይ-ፋይ ደረጃ 802.11 የወጣው ደግሞ በ1997 ነው፤ ማለትም መሣሪያዎችን የምንጠይቅበት ቋንቋ ከዋይ-ፋይ በዘጠኝ ዓመት ይቀድማል። አሠራሩ ቀላል ነው። በእያንዳንዱ የኔትወርክ መሣሪያ ውስጥ ኤጀንት የሚባል ትንሽ ፕሮግራም በፖርት (የኔትወርክ በር ቁጥር) 161 ላይ ጥያቄ ይጠባበቃል፤ በሌላ በኩል ያለው የክትትል ሰርቨር በየተወሰነ ጊዜው ጥያቄ ይልካል፣ ኤጀንቱም ይመልሳል። መሣሪያው ሳይጠየቅ በራሱ ተነሣሽነት የሚልከው ማስጠንቀቂያ ትራፕ ይባላል፤ እርሱ የሚሄደው በፖርት 162 ነው። የተገናኞችን ብዛት ለመከታተል ዋናው መንገድ በየጊዜው መጠየቅ እንጂ ትራፕ መጠበቅ አይደለም።

ኤጀንቱ የሚጠየቀው በስም ሳይሆን በቁጥር ነው። መጠየቅ የሚቻለው ነገር ሁሉ ኦአይዲ የሚባል፣ በነጥብ የተለያዩ ቁጥሮች ሰንሰለት የሆነ አድራሻ አለው፤ እነዚህ አድራሻዎች እንደ ዛፍ ከአንድ ግንድ ተነሥተው ቅርንጫፍ እያወጡ ይሄዳሉ። የትኛው ቅርንጫፍ ምን እንደያዘ የሚያስረዳው ሰነድ ሚብ ይባላል። ለምሳሌ 1.3.6.1.2.1.1.3.0 ማንኛውም መሣሪያ ከተነሣ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነው የሚገልጽ የጋራ አድራሻ ነው። በ1.3.6.1.4.1 የሚጀምረው ቅርንጫፍ ደግሞ ለአምራቾች የተተወ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱ ቁጥር ተመዝግቦለታል፦ ሲስኮ 9፣ አሩባ 14823፣ ማይክሮቲክ 14988፣ ረከስ 25053፣ ዩቢኪቲ 41112።

የመጀመሪያው እንቅፋት የሚገጥመው እዚህ ላይ ነው። የ802.11 ደረጃ በ1.2.840.10036 ሥር የራሱ ሚብ አለው፤ በተግባር ግን አብዛኞቹ ምርቶች የተገናኞችን ብዛት የሚሰጡት በየራሳቸው ቅርንጫፍ ውስጥ ነው። ስለዚህ ለአንዱ አምራች የሠራ ጥያቄ ለሌላው አይሠራም። በማይክሮቲክ መሣሪያ ላይ በአንድ ገመድ አልባ ኢንተርፌስ የተመዘገቡት ደንበኞች ብዛት የሚገኘው በ1.3.6.1.4.1.14988.1.1.1.3.1.6 ሥር ነው። በዩቢኪቲ ዩኒፋይ አክሰስ ፖይንቶች ላይ ተመሳሳዩ ቁጥር በ1.3.6.1.4.1.41112.1.6.1.2.1.8 ሥር ይገኛል። በቆዩት የሲስኮ ኮንትሮለሮች (ብዙ አክሰስ ፖይንቶችን ከአንድ ቦታ የሚመሩ መሣሪያዎች) ላይ ደግሞ የእያንዳንዱ ሬዲዮ ተገናኞች ብዛት ያለው በ1.3.6.1.4.1.14179.2.2.13.1.4 ሥር ነው። በዚህ አድራሻ ውስጥ የሲስኮ 9 አለመታየቱ ስሕተት አይደለም፤ 14179 ሲስኮ በ2005 የገዛው የኤርስፔስ ኩባንያ ቁጥር ነው። ኩባንያው ከተገዛ በኋላም ቁጥሩ በምርቶቹ ውስጥ እንዳለ ቀርቷል። እንዲህ ያለው ቅሪት በሚብ ዓለም ብዙ ስለሆነ፣ አድራሻን በግምት ከመፈለግ ይልቅ የአምራቹን የሚብ ፋይል ለዚያው የፈርምዌር (መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰው ውስጣዊ ሶፍትዌር) ስሪት አውርዶ ማንበብ ይሻላል።

ማን እንደሚጠየቅም መለየት ያስፈልጋል። አክሰስ ፖይንቱ ራሱን ችሎ የሚሠራ ከሆነ የሚጠየቀው እርሱ ነው። በኮንትሮለር የሚመራ ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ አክሰስ ፖይንቱ ለኤስኤንኤምፒ መልስ አይሰጥም፤ ስለ ሁሉም የሚያውቀውና የሚመልሰው ኮንትሮለሩ ነው። አስተዳደራቸው በክላውድ የሆነ ምርቶች ደግሞ አንዳንዶቹ መረጃውን በሌላ መንገድ ብቻ ይሰጣሉ፤ በዚያ ጊዜ ኤስኤንኤምፒን በግድ ከመፈለግ አምራቹ ያዘጋጀውን መንገድ መከተል ያዋጣል።

የሚመለሰው መልስ ብዙውን ጊዜ አንድ ቁጥር ሳይሆን ሠንጠረዥ ነው። አንድ አክሰስ ፖይንት አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ሁለት ሬዲዮዎች አሉት፤ አንዱ በ2.4 ጊጋኸርዝ፣ ሌላው በ5 ጊጋኸርዝ ይሠራል። በእያንዳንዱ ሬዲዮ ላይ ደግሞ ለሠራተኛ፣ ለእንግዳና ለቢሮ ዕቃዎች የተለዩ ሦስት የኔትወርክ ስሞች ሊተላለፉ ይችላሉ። እንዲህ ባለው መሣሪያ ላይ ሠንጠረዡ ስድስት ረድፍ ይኖረዋል። በመጀመሪያው ሬዲዮ 2፣ 9 እና 0፣ በሁለተኛው 3፣ 21 እና 2 ቢመለስ ጠቅላላው 37 ነው። የመጀመሪያውን ረድፍ ብቻ ወስዶ ግራፍ የሠራ ሰው ግን አክሰስ ፖይንቱ 2 ተገናኝ ብቻ እንዳለው አምኖ ይቀመጣል። ይህ ስሕተት ከሚታሰበው በላይ የተለመደ ነው፤ ግራፉ ከፍና ዝቅ እያለ ትክክለኛ መስሎ ስለሚታይ ማንም አይጠረጥረውም። ጥቅል ድምሩን ብቻ መያዝም አይበቃም፤ 11 በ2.4 ጊጋኸርዝ፣ 26 በ5 ጊጋኸርዝ መሆኑን ማወቅ ራሱ ጠቃሚ መረጃ ነው።

እያንዳንዱ ረድፍ የሚለየው ከአድራሻው በስተመጨረሻ በሚቀጠል መለያ ነው። ከላይ በጠቀስነው የኮንትሮለር ሠንጠረዥ መለያው የአክሰስ ፖይንቱ ማክ አድራሻ (መሣሪያው ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣው መለያ) እና የሬዲዮው ቁጥር ነው፤ ስለዚህ አድራሻው በ0.26.43.60.77.94.1 ቢያበቃ፣ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ቁጥሮች የማክ አድራሻው ስድስት ባይቶች በአሥርዮሽ ሲጻፉ፣ የመጨረሻው 1 ደግሞ ሬዲዮውን የሚያመለክት ነው። ይህ አስተማማኝ መለያ ነው፤ ማክ አድራሻው መሣሪያው ጠፍቶ ቢነሣም አይለወጥም። በሌሎች ምርቶች ግን መለያው ተራ የረድፍ ቁጥር ሊሆን ይችላል፤ መሣሪያው ዳግም ሲነሣ ወይም አዲስ የኔትወርክ ስም ሲጨመር ረድፎቹ ቦታ ይቀያየራሉ። ትናንት የእንግዶች የነበረው ረድፍ ዛሬ የሠራተኞች ይሆንና ግራፉ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ የሌላ ነገር ታሪክ መናገር ይጀምራል። መፍትሔው ረድፉን በቁጥሩ ከማሰር ይልቅ በእያንዳንዱ ዙር ስሙን አብሮ አንብቦ ቁጥሩን ከስሙ ጋር ማዛመድ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የቁጥሩ ዓይነት ነው። ኤስኤንኤምፒ ሁለት ዓይነት ቁጥሮችን ይለያል። አንደኛው እንደ መብራት ቆጣሪ እየጨመረ ብቻ የሚሄድ ሲሆን፣ 32 ቢት የሆነው 4,294,967,295 ላይ ሲደርስ ወደ ዜሮ ተመልሶ ይጀምራል፤ ያለፈ የዳታ መጠን የሚለካው በዚህ ነው። ሁለተኛው ጌጅ የሚባለው እንደ መኪና የነዳጅ መለኪያ ከፍም ዝቅም የሚል፣ የአሁኑን ሁኔታ ብቻ የሚያሳይ ነው። የተገናኞች ብዛት የሚመደበው ከዚህ ከሁለተኛው ነው። የክትትል ሶፍትዌሩ በስሕተት እንደ ቆጣሪ እንዲያነበው ከታዘዘ በሁለት ንባቦች መካከል ያለውን ልዩነት ለሰከንዶቹ ያካፍላል፤ በዚህም ቀኑን ሙሉ 25 ሰው ያለበት ክፍል ዜሮ ሆኖ ይታያል። የከፋው ደግሞ ቁጥሩ ከ25 ወደ 20 ሲወርድ ነው፤ ሶፍትዌሩ ቆጣሪው ዞሮ የጀመረ መስሎት ከ32 ቢት ጫፍ ጋር ያሰላና፣ በ300 ሰከንድ ልዩነት ለተወሰደ ንባብ በሰከንድ ከ14 ሚሊዮን በላይ የሆነ ቁጥር ያወጣል። ግራፍዎ ላይ ሰማይ የነካ ሹል መስመር ካዩ በመጀመሪያ የሚመረመረው ይህ ቅንብር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። አክሰስ ፖይንቱ «37 ተገናኝተዋል» ሲል ምን ማለቱ ነው? አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጥረው በመዝገቡ ላይ ስማቸው ያለውን መሣሪያዎች ነው። አንድ ስልክ ከአክሰስ ፖይንቱ ጋር ሲተዋወቅ የመለያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ደረጃው ይህን መለያ ከ1 እስከ 2007 ስለሚወስነው በአንድ የኔትወርክ ስም ሥር ሊመዘገብ የሚችለው ከዚያ አያልፍም፤ በተግባር የሚሸጡት ምርቶች ገደባቸው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ነገር ግን መመዝገብና መጠቀም አንድ አይደሉም። ስልኩ ተመዝግቦ የይለፍ ቃሉን ማረጋገጫ ገና ያላለፈ ሊሆን ይችላል። ማረጋገጫውን አልፎም የአይፒ አድራሻ ሳያገኝ ሊቀር ይችላል። አድራሻ የሚያድለው ሰርቨር በተበላሸበት ጠዋት የተገናኞች ግራፍ ሙሉ ጤነኛ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ሁሉም ተገናኝተዋል፣ ማንም ግን ኢንተርኔት አላገኘም። አንዳንድ አምራቾች የተመዘገቡትንና ማረጋገጫ ያለፉትን ለየብቻ ስለሚቆጥሩ፣ የትኛውን እንደያዙ በሚብ ፋይሉ መግለጫ ላይ ማየት ተገቢ ነው።

መውጣትም እንደ መግባት ግልጽ አይደለም። ኪሱ ውስጥ ስልክ ይዞ ከሕንፃው የሚወጣ ሰው አክሰስ ፖይንቱን አይሰናበትም፤ ምልክቱ እየደከመ ይሄድና ይጠፋል። አክሰስ ፖይንቱ ስልኩን ከመዝገቡ የሚሰርዘው ለተወሰነ ጊዜ ድምፁ ሲጠፋ ነው። በቆዩት የሲስኮ ኮንትሮለሮች ላይ ይህ ጊዜ ካልተቀየረ በቀር 300 ሰከንድ ነው። ስለዚህ ስብሰባ አልቆ ሰው ሁሉ ከአዳራሽ ከወጣ በኋላ ግራፉ ለጥቂት ደቂቃ ከፍ ብሎ መቆየቱ የሚጠበቅ ነው። በሌላ በኩል ይህ መዘግየት ያልታሰበ ጥቅም አለው፤ በየአምስት ደቂቃው ብቻ የሚጠይቅ ሰርቨር፣ በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ገብቶ የወጣን መሣሪያ ሊያመልጠው ሲችል፣ መዝገቡ ቶሎ ባለመሰረዙ ምክንያት ብዙዎቹን ሊያያቸው ይችላል። የስረዛው ጊዜ ወደ አንድ ደቂቃ ዝቅ ከተደረገ ግራፉ ለእውነቱ ይቀርባል፣ አጭር ጉብኝቶችን ግን ይስታል። እንግዲህ የግራፉ ቅርጽ በከፊል የሰዎቹ፣ በከፊል ደግሞ የቅንብሩ ውጤት ነው ማለት ነው።

ከአንዱ አክሰስ ፖይንት ወደ ሌላው የሚሻገር ስልክም እንዲሁ ነው። ሰርቨሩ አክሰስ ፖይንቶችን ለየብቻ እየጠየቀ ከሆነ፣ አንደኛውን በጠየቀበትና አምስተኛውን በጠየቀበት ቅጽበት መካከል የተሻገረ ስልክ በሁለቱም ሊቆጠር ወይም በሁለቱም ሊታለፍ ይችላል። የሁሉም ድምር ኮንትሮለሩ ከሚሰጠው ጠቅላላ ቁጥር ጋር በጥቂት ቢለያይ መደንገጥ አያስፈልግም፤ በብዙ ቢለያይ ግን የሆነ ረድፍ ተረስቷል ወይም ሁለት ጊዜ ተደምሯል።

የተገናኞች ብዛት የሰዎች ብዛት አለመሆኑም መነገር አለበት። አንድ ሰው ስልክ፣ ላፕቶፕና ሰዓት ይዞ ሦስት ሆኖ ይቆጠራል፤ ማተሚያ ማሽንና የደህንነት ካሜራ ሌሊቱን ሙሉ እዚያው ናቸው። በዚህ ላይ አንድሮይድ ከ2019፣ አይፎን ከ2020 ወዲህ ባወጧቸው ስሪቶች ስልኮች እውነተኛውን ማክ አድራሻቸውን ደብቀው ለየኔትወርኩ የተፈበረከ አድራሻ መጠቀም ጀምረዋል። ይህ «አሁን ስንት አሉ» የሚለውን ቁጥር አይነካም፤ «በዚህ ወር ስንት የተለያዩ መሣሪያዎች መጡ» ለሚለው ጥያቄ ግን ማክ አድራሻ እየቆጠሩ መልስ መስጠትን አስቸጋሪ ያደርገዋል። በእኔ ግምት ለሁለተኛው ጥያቄ ኤስኤንኤምፒ ትክክለኛው መሣሪያ አይደለም፤ የመግቢያ ማረጋገጫው መዝገብ የተሻለ ምስክር ነው።

መረጃው ከተሰበሰበ በኋላም ሊበላሽ ይችላል። ኤምአርቲጂ ከተባለው የቀድሞ የክትትል ሶፍትዌር ጀምሮ የተለመደው የጥያቄ ዑደት አምስት ደቂቃ ሲሆን ይህም በቀን 288 ንባብ ይሆናል። እንደ ካክቲ ያሉ ሶፍትዌሮች የቆየውን መረጃ ቦታ ለመቆጠብ ሲሉ ያጠቃልሉታል። አንድ ሰዓት ውስጥ ከተወሰዱት 12 ንባቦች አሥሩ 10፣ ሁለቱ ደግሞ 70 ቢሆኑ አማካዩ 20 ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ያንን ቀን መለስ ብሎ የሚያይ ሰው 20 ብቻ ስለሚያይ፣ አክሰስ ፖይንቱ የተጨናነቀባት ያቺ አሥር ደቂቃ ፈጽማ የለችም። ለአቅም ዕቅድ የሚፈለገው ደግሞ ያቺው አሥር ደቂቃ ነች። ስለሆነም መረጃ ማስቀመጫውን ሲያዋቅሩ ከአማካዩ ጎን ከፍተኛውንም እንዲይዝ ማድረግ ግድ ነው፤ ከወራት በኋላ ላድርግ ቢሉ የጠፋው አይመለስም።

ዜሮና ዝምታን መለየትም ቀላል የሚመስል ግን ብዙ ያሳሳተ ጉዳይ ነው። ኤስኤንኤምፒ በአብዛኛው የሚጓዘው ለመድረሱ ማረጋገጫ በማይሰጠው በዩዲፒ ላይ ስለሆነ ጥያቄውም መልሱም መንገድ ላይ ሊጠፋ ይችላል። በአንደኛውና በሁለተኛው ስሪት ደግሞ የይለፍ ቃል ሆኖ የሚያገለግለው የኮሚዩኒቲ ስም ከተሳሳተ መሣሪያው «ተሳስተሃል» አይልም፤ ዝም ይላል። ስለዚህ የጠፋ መሣሪያ፣ የዘጋ ፋየርዎልና የተሳሳተ ቃል ከሰርቨሩ በኩል ሲታዩ አንድ ናቸው። ሦስቱንም በግራፍ ላይ ዜሮ አድርጎ መሣል ሐሰት መጻፍ ነው፤ መልስ ያልተገኘበት ጊዜ በግራፉ ላይ ባዶ ክፍተት ሆኖ መታየት አለበት። መንስኤውን ለመለየት በመጀመሪያ የመሣሪያውን መግለጫ በ1.3.6.1.2.1.1.1.0 መጠየቅ ጥሩ ልማድ ነው፤ ለዚህ መልስ እየሰጠ ለተገናኞች ብዛት የማይመልስ ከሆነ መንገዱ ክፍት ነው፣ የተሳሳተው አድራሻው ወይም የማየት ፈቃዱ ነው።

ስለ ደህንነት ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም። በአንደኛውና በሁለተኛው ስሪት የኮሚዩኒቲው ስም ሳይመሰጠር ግልጽ ሆኖ ነው የሚጓዘው፤ ከፋብሪካ ሲወጣ በብዙ መሣሪያ ላይ የሚገኘውን «ፐብሊክ» የሚለውን ቃል ደግሞ የማያውቅ የለም። በ2002 ሙሉ ደረጃ የሆነው ሦስተኛው ስሪት ማንነትን ያረጋግጣል፣ መልእክቱንም ይመሰጥራል፤ መሣሪያው የሚችለው ከሆነ እርሱን መጠቀም፣ ፈቃዱንም ለማንበብ ብቻ መስጠትና ጥያቄ የሚቀበለውን ከክትትል ሰርቨሩ አድራሻ ብቻ እንዲሆን ማድረግ ይገባል። ብዛቱን ለማወቅ ሲባል የእያንዳንዱን ደንበኛ ዝርዝር መዝገብ ማንበብም አያስፈልግም። ዝርዝሩ የሰዎችን መሣሪያ መለያ ስለሚይዝ ሳያስፈልግ ባይሰበሰብ ይመረጣል፤ ከዚያም በላይ ብዙ መቶ ረድፍ ያለውን ሠንጠረዥ በየደቂቃው ማስነበብ የመሣሪያውን ፕሮሰሰር ያደክማል። ድምሩ በአንድ ቦታ ተዘጋጅቶ ካለ እርሱን ብቻ መጠየቅ፣ ሠንጠረዥ የግድ ከሆነም ከሁለተኛው ስሪት ጀምሮ የመጣውንና ብዙ ረድፍ በአንድ ጊዜ የሚያመጣውን የጅምላ ጥያቄ መጠቀም ይበጃል።

ቁጥሩ በትክክል ከተነበበ በኋላ መቼ ማስጠንቀቂያ እንደሚሰጥ መወሰን ይቀራል። ብዙዎች «ከ50 ሲያልፍ አሳውቀኝ» ብለው ይጀምራሉ። ይህ ደካማ መለኪያ ነው፤ 50 የተኙ ስልኮች የሬዲዮውን አየር እምብዛም አይዙም፣ ምልክታቸው የደከመ አምስት ላፕቶፖች ትልልቅ ፋይል ሲያወርዱ ግን ሊያጨናንቁት ይችላሉ። በአንድ ቻናል (ሬዲዮው በሚሠራበት የሞገድ መስመር) ላይ አንዱ ሲናገር ሌሎቹ መጠበቅ ስላለባቸው፣ የሚያልቀው ሀብት የአየር ሰዓት እንጂ የመዝገብ ቦታ አይደለም። በመሆኑም የተገናኞችን ብዛት ከቻናሉ መያዝ መጠን (አየሩ በሥራ ተጠምዶ ከሚቆይበት የጊዜ ድርሻ) ጋር በአንድ ግራፍ ላይ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይሻላል። የ802.11 አዘጋጆች ራሳቸው ይህን ያስተዋሉ ይመስላል፤ በ2005 በጸደቀው 802.11ኢ ማሻሻያ አክሰስ ፖይንቱ ስለ ራሱ በሚያሰራጨው ምልክት ውስጥ የተገናኞቹን ብዛትና ከ0 እስከ 255 የሚለካውን የቻናሉን መያዝ አብረው እንዲነገሩ አድርገዋል። ይህን የሚያሰራጭ አክሰስ ፖይንት ካለዎት በአንድ የዋይ-ፋይ መመርመሪያ ሶፍትዌር አንብበው ኤስኤንኤምፒ ከሰጠዎት ቁጥር ጋር ማነጻጸር ይችላሉ፤ ረድፍ የተረሳ እንደሆነ ወዲያው ይጋለጣል።

ከከፍተኛ ቁጥር ይልቅ ያልተጠበቀ ዝቅተኛ ቁጥር ብዙ ጊዜ የበለጠ ይናገራል። በሥራ ሰዓት በግራና በቀኙ ያሉት አክሰስ ፖይንቶች 20 እና 30 ተገናኝ ይዘው ሳለ መካከለኛው ለአንድ ሰዓት ዜሮ ከሆነ፣ ለኤስኤንኤምፒ እየመለሰና መብራቱ እየበራም ቢሆን ሬዲዮው ሳይሠራ አይቀርም። ተጠቃሚዎቹ በጎረቤቶቹ ላይ ስለተጣበቁ «ኢንተርኔቱ ዘገየ» ይላሉ እንጂ «አክሰስ ፖይንቱ ተበላሸ» ብሎ የሚያመለክት የለም። እንዲህ ያለውን ብልሽት ለመያዝ የሚበቃው ማስጠንቀቂያ ቋሚ ገደብ ሳይሆን አክሰስ ፖይንቱን ከጎረቤቶቹና ካለፉት ሳምንታት ተመሳሳይ ሰዓት ጋር የሚያነጻጽር ነው። ማታና በበዓል ቀን ዜሮ መሆኑ የተለመደ ስለሆነ፣ ይህ ንጽጽር ከሌለ ማስጠንቀቂያው በየሌሊቱ ይጮህና በሁለተኛው ሳምንት ማንም የማያየው ይሆናል።